አንጎሌ ላይ የታዩት ነጠብጣቦች

የጀመረኝ መኪና ሥር ተኝቼ ነው። የጤና ጣቢያ አምቡላንስ ሹፌር ነኝ። በዚያ ዘመን ክልላችን ገና ታዳጊ ስለነበር ሹፌሩም መካኒኩም አንዳንዴም ወላድ ተሸካሚው እኔው ነበርኩ። ከመንጌ ወረዳ መልስ ከሞተሩ ዘይት ሲንጠባጠብ አይቼ ካርቶን አንጥፌ ገባሁ። አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ቀና ስል መኪናው በላዬ ዞረ። መኪናው ብቻ ቢሆን ባልከፋ፣ ካርቶኑም መሬቱም አብረው ዞሩ። ዓይኔን ጨፍኜ ጎማውን አቅፌ ቆየሁ። አንድ ደቂቃ እንኳ የሞላ አይመስለኝም። ሲተወኝ ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩና ቁርስ ስላልበላሁ ነው ብዬ ነገሩን ተውኩት።

በማግስቱ አልጋዬ ላይ ወደ ቀኝ ስገላበጥ ደገመኝ። በሦስተኛው ቀን ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ላወርድ ቀና ስል እንደገና። ባለቤቴ ሐዋ ግድግዳ ይዤ ስትመለከተኝ ፊቷ ተለወጠ። ሐዋ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፣ ሆሞሻ ተወልዳ ያደገች። እኔ ይማም እባላለሁ፤ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ መጥቼ አሶሳ ዙሪያ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ያደግሁ ነኝ።

መጀመሪያ የታከምኩት እዚያው የምሠራበት ጤና ጣቢያ ነው። ወባ ተብሎ ደሜ ታየ፣ የለም ተባለ፣ ግን ለማንኛውም ብለው የወባ መድኃኒት ሰጡኝ። እኛ አገር ከወባ ያመለጠ ከታይፎይድ አያመልጥም፤ እሱንም ዋጥኩ። ከተማ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለ። ሌላው ደም ማነስ ነው ብሎ የነርቭ መርፌ ነው ያለውን ቀይ መርፌ ለአሥር ቀን ወጋኝ። አማቴ ቁርኣን የተቀራበት ውሃ በጀሪካን አመጣችልኝ፣ ጠጣሁት፤ ከሁሉም ያላሳከከኝና ሆዴን ያላወከው እሱ ነው። ማዞሩ ግን እንዳለ ነው። አንዳንድ ሳምንት ይጠፋል፣ ዳንኩ ስል ይመጣል።

በመጨረሻ ሆስፒታል ጭንቅላትህ ይታይ ተባልኩና ወደ አዲስ አበባ ተጻፈልኝ። አብሮኝ እንዲሄድ የተመረጠው የሐዋ ወንድም ኸሊፋ ነው። ኸሊፋ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህር ነው፤ ሐኪሞቹ የሚጽፉትን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል ተብሎ ነው። በባምባሲ፣ በመንዲ፣ በጊምቢ አድርገን፣ አዳራችንን መንገድ ላይ አድርገን፣ በሁለተኛው ቀን ማታ ገባን። እኔ የሰው መኪና ውስጥ ተሳፋሪ ሆኜ መቀመጥ ስለማይሆንልኝ በየጠመዝማዛው እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጥ ነበር።

ኤም.አር.አይ የሚሉት የጭንቅላት ምርመራ ጠባብ ቱቦ ውስጥ አስተኝቶ የሚያንቀጠቅጥ ነው። አያምም፣ ድምፁ ግን እንደ ድንጋይ መፍጫ ነው። አትንቀሳቀስ ተብያለሁና አልተንቀሳቀስኩም። ውጤቱ በማግስቱ ነው አሉን። በማግስቱ እኔን አልጋ ያዝንበት ቤት ትቶኝ ኸሊፋ ብቻውን ሄደ። ከቀትር በኋላ ትልቅ ነጭ ፖስታና አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ ተመለሰ። ምን አሉ አልኩት። ደህና ነው፣ ትንሽ ነርቭ ነው አሉ አለኝና ብርቱካኑን እየላጠ ያጎርሰኝ ጀመር። ኸሊፋ ለራሱም ልጦ የማይበላ ሰው ነው። ያኔ መንቃት ነበረብኝ፤ አልነቃሁም።

አሶሳ ስንመለስ ታላቅ ወንድሜ ሙሄ መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀን። ሙሄ ገበያ ውስጥ በርበሬና ሰሊጥ የሚነግድ፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤተሰቡ ሁሉ አባት የሆነ ሰው ነው። ሁለቱ ፖስታውን ይዘው አንድ ሐኪም ጋር ገቡ፣ እኔን ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ታማሚው እኔ፣ የሚገቡት እነሱ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፣ ያኔ ግን ደንቡ እንደዚያ ስለሆነ አልገረመኝም። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ መጀመሪያ የሚነገረው ለዘመድ ነው፤ ዘመድ ደግሞ ያመዛዝናል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይደብቃል። እኔም በተራዬ ለስንቱ ሕመምተኛ አምቡላንስ ውስጥ ምንም የለብህም ብያለሁ።

ሲወጡ ሁለት ዓይነት ክኒን ይዘው ነበር። ለደም ዝውውር ነው፣ ሳታቋርጥ ትውጣለህ ተባልኩ። አንዱ አስፕሪን መሆኑን አውቄዋለሁ። ከሳምንት በኋላ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጠርቶኝ የአምቡላንሱን ቁልፍ ተቀበለኝ። ለጊዜው ግምጃ ቤት ታግዛለህ አለ። ለምን አልኩት። እንዲሁ ነው፣ ዕረፍት ያስፈልግሃል አለ፣ ዓይኔን ሳያየኝ።

ሹፌር ከመሪ ላይ ያለ ምክንያት ከተነሣ የሚጠረጠረው በአንድ ነገር ነው፤ በናፍጣ። ደሜ ፈላ። በዕድሜዬ አንድ ሊትር አልሸጥኩም። ማታውን የጉዞ መዝገቤን ሁሉ ሰብስቤ፣ በማግስቱ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩለት። ሰውየው ግራ ገባው። ይማም፣ ማንም አልጠረጠረህም አለኝ፣ ድምፁም የኀዘን ነበር። እኔ ግን ይልቁን ጠረጠርኩ። እንዲህ የሚለሰልሱልህ ሊያባርሩህ ሲሉ ነው ብዬ ለሐዋ ነገርኳት። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ምድጃውን ትቆሰቁስ ጀመር።

ስምንት ወር እንዲህ ኖርኩ። ሙሄ በየጁምዓው ማር ይዞ ይመጣል። ልጆቼ ስገባ ጨዋታ ያቆማሉ። ባልዲ ላነሣ ስል ሦስት ሰው ይሻማኛል። አንድ ቀን የጎረቤታችንን ልጅ ስም ረስቼ ያ ማነው ስሙ ስል ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ተያዩ። ያቺን መተያየት አልረሳትም። ከዚያ ወዲህ ራሴን መመርመር ጀመርኩ። ስም ሲጠፋኝ፣ ቁልፍ ያስቀመጥኩበትን ስረሳ፣ እግሬ ሲያደነቃቅፈኝ፣ ሁሉንም መቁጠር ሆነ ሥራዬ። ያልነገሩህን በሽታ ራስህ ትፈጥረዋለህ። በዚያ ላይ አስፕሪኑ ሆዴን እያቃጠለኝ ምግብ ጠላሁና ከሳሁ። መክሳቴን ያየ ደግሞ የልቡ ጥርጣሬ እውነት መሰለው።

ነገሩን ያወጡት ሸህ ይመር ናቸው፣ ከወላጆቼ ጋር አብረው የሰፈሩ ሽማግሌ። አንድ ቅዳሜ ከሰፈራው መንደር በእግራቸው መጥተው ጎኔ ተቀመጡ። ዱዓ አደረጉልኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ የእናትህ ማሳና የእኔ ማሳ በሚዋሰኑበት በኩል አንድ እርምጃ ገፍቻለሁ፣ አንድ ሁለት ክረምት ይሆነዋል፣ ይቅር በለኝ፣ አውፍ በለኝ አሉኝ።

ዒድ አይደለም፣ ሐጅ የሚሄድ የለም። ሰው በባዶ ቀን አውፍ በለኝ የሚልህ ወይ እሱ ሊሞት ነው ወይ አንተ። ሸህ ይመር ደግሞ ስምንት ኪሎ ሜትር በእግራቸው መጥተው አልደከማቸውም። አውፍ ብያለሁ አልኳቸው።

ከሄዱ በኋላ ሐዋን ጠራኋት። ልጆቹን አስወጣሁ። የምሞት ከሆነ እኔ ሳላውቅ ሸህ ይመር እንዴት አወቁ አልኳት። አለቀሰች፤ ስታለቅስ አማርኛዋ ይሰባበራል።

“ወላሂ፣ እኔ መንገር ፈልጎ ነበር። ኸሊፋ ‘ከነገርሽው ይሞታል’ አለኝ። እኔ ፈራ።”

ከማሽላው ጎታ ጀርባ ነጩን ፖስታ አወጣችልኝ። አንጎሌ ውስጥ ስትሮክ ታይቷል፣ አንድ ሳይሆን ብዙ፣ ሳይሰማህ ያለፈ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ይጥልሃል ተብሏል። ይኼን ሁሉ እሷ፣ ሙሄ፣ ኸሊፋ፣ ኃላፊዬ፣ እንደሚታየውም መንደሩ ያውቃል። የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም። ግን አብሮ ሌላ ነገርም ተሰማኝ፣ እፎይታ የሚመስል። ናፍጣ ሌባ አልተባልኩም ማለት ነው።

የእኔ እንግሊዝኛ የመኪና ዕቃ ስም ከማንበብ አያልፍም። ፖስታውን ይዤ አምቡላንስ ላይ አብራኝ ስትሠራ ወደ ኖረችው አዋላጅ፣ ወደ ሲስተር ዘርፌ ሄድኩ። ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። አነበበች፣ ገለበጠች፣ እንደገና አነበበች። ከዚያ ኸሊፋ ይኼን ሁለተኛውን ወረቀት አሳይቶሃል ወይ አለችኝ። ኧረ የመጀመሪያውንም አላየሁ አልኳት።

የመጀመሪያው ወረቀት ላይ በአንጎሌ ሥር አካባቢ በሁለቱም በኩል ትናንሽ ነጠብጣቦች እንደታዩ፣ ያለፉ ትናንሽ ስትሮኮች ሊሆኑ እንደሚችሉ ተጽፏል። ሁለተኛው ላይ ግን በተፈጥሮ የሰፉ፣ ጉዳት የሌላቸው ክፍተቶችም ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ የነርቭ ሐኪም ፎቶዎቹን ራሱ አይቶ እንዲለይ የሚል ምክር አለ። ኸሊፋ ስትሮክ የሚለውን ሲያነብ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ሁለተኛውን እንዳልገለጠ በኋላ ራሱ ነገረኝ። አሶሳ ያናገራቸው ሐኪምም የተሰጠው የመጀመሪያው ወረቀት ብቻ ነው። እኔ ታማሚው አብሬ ገብቼ ቢሆን፣ ሌላስ የለም ወይ ብዬ እጠይቅ ነበር ማለት አልችልም። ግን ቢያንስ ፖስታውን አራግፈው ነበር፤ መኪና ሲፈታ ብሎን ቀርቶ እንደሆነ ማራገፍ ልማዴ ነው።

ለሁለተኛው የአዲስ አበባ ጉዞ ኸሊፋን አልፈለግሁም። ሙሄ እኔ እሄዳለሁ አለ፣ እሱን እምቢ ማለት ደግሞ አይቻልም። የነርቭ ሐኪም ዘንድ ተራ ለመጠበቅ ከንጋት ጀምሮ ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። ጎናችን አንዲት ከሰላሌ የመጡ እናት ነበሩ፤ እየተንቀጠቀጠ ባልታዘዘላቸው እጅ ከዳቧቸው ቆርሰው ሰጡን። ሙሄ ግን አልበላም። ተራችን ሲደርስ ቀድሞኝ ገብቶ ሐኪሟን በሹክሹክታ ሲያናግር ደረስኩ። ክፉ ከሆነ ለእኔ ንገሪኝ ነው የሚላት።

“ሕመምተኛው እሳቸው ናቸው” አለችው። “እሳቸው ከፈቀዱ እርስዎም ተቀምጠው ይሰማሉ።”

ፈቀድኩ። ሙሄ እንደ ተቀጣ ተማሪ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ሐኪሟ ወረቀቱን ወደ ጎን ትታ ከፖስታው ውስጥ ያለውን ሲዲ ኮምፒውተሯ ውስጥ ከተተች። አንጎሌን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ነጠብጣቦቹን አሳየችኝ፤ ከጤፍ ከፍ፣ ከምስር አነስ ያሉ ጥቋቁር ነገሮች ናቸው። ወደ አንጎል የሚገቡ ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉ፣ በየደም ሥሩ ዙሪያ ደግሞ ውሃ ያለበት ጠባብ ክፍተት አለ፣ እንዳንዱ ሰው ተፈጥሮ ክፍተቱ ሰፋ ይላል አለችኝ። ገባኝ። የመብራት ገመድ ብረት በስቶ ሲያልፍ ቀዳዳው ከገመዱ ትንሽ ቢሰፋ ማለት ነው፣ መኪናውም ይነሣል መብራቱም ይበራል አልኳት። እንደዚያ ነው ብላ ሳቀች።

ስትሮክ የተወው ጠባሳም ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ ስለሆነ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። እንዴት እንደምትለይ ጠየቅኳት፣ እሷም ሳትሰለች አስረዳችኝ። ውሃው በሚጠቁርበት የፎቶ ዓይነት ላይ ጠባሳ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ያወጣል፤ የእኔዎቹ ጠርዝ የላቸውም። በሌላ አቅጣጫ ስታያቸው ደግሞ የደም ሥሩን ተከትለው እንደ ክር ይረዝማሉ። ቦታቸውም በሁለቱም ጎን ተመሳሳይ፣ ይህ ክፍተት ሁልጊዜ የሚታይበት የአንጎል ታችኛው ክፍል ነው። አንዷ ብቻ ከሌሎቹ ትንሽ ተለቅ ስላለች ከዓመት በኋላ ደግመን እንያት አለች። አየናት፣ እንደነበረች ናት።

ታዲያ ምንድን ነው የሚያዞረኝ አልኳት። መቼ መቼ ነው አለች። ከስንት ሐኪም በኋላ ይህን በደንብ የጠየቀችኝ እሷ ናት። ስገላበጥ፣ ቀና ስል፣ መኪና ሥር ስተኛ አልኳት። አልጋ ላይ አስቀምጣኝ ጭንቅላቴን ወደ ቀኝ አዙራ በአንዴ ወደ ኋላ አስተኛችኝ፣ አንገቴ ከአልጋው ጫፍ አልፎ። ቤቱ ዞረ። ዓይንዎ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፣ ጥሩ ነው አለች። የኔ መጥፎ የእሷ ጥሩ ሆነ። ጆሮ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቅ ክፍል አለ፤ እዚያ ያሉ ደቃቅ ጠጠሮች ከቦታቸው ሲያመልጡ እንዲህ ያዞራል አለችኝ። ከዚያ ጭንቅላቴን ቀስ እያለች ወደ ግራ፣ ከዚያ ሰውነቴን ጭምር በጎኔ አዙራ፣ በመጨረሻ አስቀመጠችኝ። ሁሉም አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከጥቂት ዕረፍት በኋላ እንደገና ስታስተኛኝ ቤቱ ቆመ። ከስምንት ወር በላይ ያጎሳቆለኝ ነገር በአምስት ደቂቃ ሄደ። ያለቀስኩት ያኔ ነው፣ ደስታ ይሁን ንዴት አላውቅም።

አስፕሪኑን አስቆመችኝ። ይህን የምታነቡ ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ ለሚያስፈልገው ሰው ሕይወት ነው ብላ ደጋግማ ነግራኛለች። እያዞረኝ መኪና አለመንዳቴም ልክ ነበር አለች። ሙሄ ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፋ። ልክ ነው፣ ቁልፉን መቀበላቸው ወላዶቹንም እኔንም አድኗል። የከፋኝ ምክንያቱን ከእኔ መደበቃቸው ነው፣ ይህንንም እዚያው ፊት ለፊቱ ነገርኩት።

ልንወጣ ስንል ሐኪሟ የሙሄን ደም ግፊት ልለካ አለች። ለካች፣ ደግሞ በሌላው ክንዱ ለካች። ግፊት እንዳለብዎት ያውቃሉ ወይ አለችው። ካወቀ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የአንድ ወር ክኒን ውጦ ምንም አላመመኝም ብሎ ትቶታል። ይህን እኔ ወንድሙ አላውቅም ነበር። ሐኪሟ መድኃኒት ጻፈችለትና እነዚያ ነጭ ጠርዝ ያላቸው ጠባሳዎች የሚመጡት ከዚህ ነው፣ ሳይሰማዎት ይመጣሉ አለችው። እሺ አለ። አሶሳ ገብተን ሳምንት ሳይሞላው ክኒኑ መሳቢያ ውስጥ ገባ።

ለሁለት ወር ማዞር ስላልመጣብኝ ቁልፌ ተመለሰልኝ። አንድ ጊዜ ተመልሶብኝ ሲስተር ዘርፌ ያንኑ ማገላበጥ አደረገችልኝ፣ ተወኝ። ሰላም ነበርን። ከዓመት በኋላ ግን ሙሄ ገበያ ላይ በርበሬ ሲሰፍር ሚዛኑ ከእጁ ወደቀ። ቀኝ እጁ ግማሽ ሰዓት ያህል አልታዘዝ አለው፣ አፉም ተሳሰረ፣ ከዚያ ተመለሰለት። ሆስፒታል አሳየነውና ያንኑ መንገድ ይዘን እዚያችው ሐኪም ዘንድ ደረስን። ጭንቅላቱ ኤም.አር.አይ ተነሣ። በማግስቱ ውጤቱን ሙሄ ራሱ እንድቀበለው ላከኝ፣ ከሐኪሟም ጋር አብሬ አየሁት። ሦስት ነጠብጣብ፣ በየዙሪያቸው ነጭ ጠርዝ። ሁለቱ የቆዩ ናቸው፣ አንድም ቀን ሳይሰማው ያለፉ። ወንድምዎ ኮሪደር ላይ ተቀምጠዋል፣ ልጥራቸው ወይስ እርስዎ ይነግሯቸዋል አለችኝ። እኔ ልንገረውና አብረን እንገባለን አልኳት።

ከክፍሉ ስወጣ ኸሊፋ ከአሶሳ ደወለ። እውነቱን ነገርኩት። እሱም ሲጨንቀው አማርኛው እንደ እህቱ ይሰባበራል።

“ይማም፣ ሙሄ አትንገረው። እሱ ልቡ ደካማ ናት። ሐዋም እንደዚህ ብሏል።”

ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ከሚያሳፍረኝ ነገር ጋር ተፋጠጥኩ፤ እኔም ልደብቀው ፈለግሁ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጦ ሳየው፣ ደህና ነው የሚለው ቃል አፌ ላይ ተዘጋጅቶ መጣ። ለካ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ኸሊፋም ሙሄም ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ ያኔ ሲያዩኝ የሆኑት ይህንን ነው። ጎኑ ተቀመጥኩ።

“ሙሄ፣ የአንተ እውነተኛው ነው። ሦስት ናቸው። ግፊቱ ነው ያመጣው። ክኒኑን ካልዋጥክ ቀጥሎ የሚመጣው ይጥልሃል።”

ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያየው ጀመር፤ ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ። ሊያለቅስ ይሆን ብዬ ፈራሁ፣ ወንድሙ ሳልሆን ልጁ የሆንኩ ያህል ፈራሁ።

“ክኒኑን ይዘኸዋል?” አለኝ።

ከመሳቢያው አምጥቼ ይዤዋለሁ አልኩት። አንዷን አውጥቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ውሃ ላምጣልህ ብዬ ስነሣ፣ ሳይጠብቀኝ እንዲሁ በደረቁ ዋጣት።